ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መኪና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ቪትዝ የሚያሽከረክር ደንበኛ ወደ ጋራዣችን መጣ። ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናው ወደ ቀኝ ይስብበታል። እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ሁለት ጊዜ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠርቷል፤ የቀኙን የፊት ካሊፐርም (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን የፍሬን ክፍል) አስቀይሯል። ያን ሁሉ አውጥቶ መኪናው እንደ ድሮው ነው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ፈታን። የቀኙ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ብረት) እንደ መስተዋት ያበራል፣ ዲስኩን ይዞ የሚያቆመው ሸራ አልቆ ብረቱ ሊነካ ደርሷል። የግራው ዲስክ ላይ ግን ዝገት ተጋግሯል፤ ሸራውም ያልተነካ ያህል ወፍራም ነው። ሰውየው ያስቀየረው ደህናውን ነበር። የማይሠራው የግራው ነው።

እንዲህ ያለው ብክነት ያንገበግበኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ።

«ወደ ቀኝ ከጎተተ ችግሩ ቀኝ ነው»

ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚጨርሰው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። በሬ ተጠምዶ ሲያርስ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ወደ ኋላ ቢቀር ጥማዱ የሚዞረው ወደ ቀረው በሬ ነው። መኪናም ፍሬን ሲያዝ የሚዞረው ይበልጥ ወደሚቆመው ጎማ ነው። ይበልጥ የሚቆመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤነኛው ነው፤ የታመመው ሳይዝ የሚሽከረከረው ነው። በተለመደ የቤት መኪና ከማቆሚያው ኃይል ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከፊት ጎማዎች ስለሆነ ምርመራው ከፊት ይጀምራል።

በእርግጥ ቀኙ ራሱ የሚያጠፋበት ጊዜም አለ። ፍሬኑ ይዞ ከቀረና ካልለቀቀ መኪናው ወደዚያው ይስባል። ልዩነቱ ግን ይታወቃል። ይዞ የቀረ ጎማ እግራችሁን ከፍሬን ላይ ካነሳችሁ በኋላም ይጎትታል፣ ነዳጅ ያስበላል፣ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል። እግር ሲነሳ ወዲያው ቀጥ የሚል መኪና ከሆነ ግን ተቃራኒውን ጎን ጠርጥሩ።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። እንደ ወትሮው አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። እጃችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ አትንኩት፣ ዲስኩ ቆዳ ይልጣል። ግራና ቀኙ ሙቀታቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። ፍሬን እምብዛም ሳትይዙ ነድታችሁ አንዱ ብቻ የሚጋረፍ ከሆነ ያ ጎማ ይዞ ቀርቷል። ደጋግማችሁ ፍሬን ይዛችሁ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ያ ጎማ እየሠራ አይደለም። የቪትዙ የግራ ጎማ ቀዝቃዛ ነበር፤ መጀመሪያውኑ እጁን ያስጠጋ ሰው ቢኖር አንድ ካሊፐር በተረፈ ነበር።

«አላይመንት ቢሠራ ይስተካከላል»

የአላይመንት ወይም የጎማ ንፋስ ችግር ፍሬን እስኪያዝ አይጠብቅም፤ ዝም ብላችሁ ስትነዱም ይስባል። መንገዱም ራሱ ለዝናብ ውሃ ተብሎ ወደ ዳር ዘንበል ስለሚል በቀኝ በምንነዳበት አገር መኪና ትንሽ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ጤነኛ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር ግን አለ። የብራቾው (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም ላስቲኩ፣ ካለቀ ወይም ቴስቲኒው (ኳስ መሰል መጋጠሚያው) ከላላ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ይገፋና አቅጣጫው ይዛባል። የአላይመንት ማሽኑ የሚለካው የቆመ መኪና ስለሆነ ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎሚኒው በሌቫ (በብረት መፈንቀያ) እየተነቀነቀ ይታይ፤ አላይመንት የሚሠራው ያለቀው ከተቀየረ በኋላ ነው።

«ሸራው አዲስ ነው፣ ስለዚህ ፍሬኑ ደህና ነው»

ሸራ ራሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚገፋው በፍሬን ዘይት ግፊት የሚንቀሳቀሰው ፒስተን ነው፣ ካሊፐሩ ደግሞ በፒኖች (በቀጭን የብረት ዘንጎች) ላይ ይንሸራተታል። የፒስተኑ አቧራ መከላከያ ጎማ ከተቀደደ ጭቃና ውሃ ገብቶ ያዝገዋል። ፒኖቹ ከደረቁ የውስጡ ሸራ ያልቃል፣ የውጪው ይቀራል። ፒን የሚቀባው ለፍሬን የተሠራ ቅባት እንጂ የኩሺኔታ ግሪስ አይደለም፤ ይህኛው ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

ብዙ መካኒክ የሚያልፈው ግን ቱቦውን ነው። የፍሬን ላስቲክ ቱቦ ከውጪ ምንም ሳይሆን ከውስጥ ሊላጥ ይችላል። ያኔ ዘይቱ ወደ ካሊፐሩ እየዘገየ ይደርሳል፤ መኪናው መጀመሪያ ይጎትትና ፔዳሉን ተጭናችሁ ስትቆዩ ይስተካከላል። አንዳንዴም ዘይቱን ያስገባና አይመልሰውም፤ ጎማው ይዞ ይቀራል። የሚለየው እንዲህ ነው፦ ይዞ የቀረውን ጎማ በክሪክ አንስታችሁ የካሊፐሩን አየር ማውጫ ቡሎን ትንሽ ፈታ ማድረግ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ ግፊቱ ታፍኖ ነበር ማለት ነው፤ ቱቦውን ተጠራጠሩ። ካልለቀቀ ጥፋቱ ፒስተኑ ወይም ፒኖቹ ጋ ነው። ይህን ልምድ ያለው ሰው ይሥራው፤ አየር ከገባ ፔዳሉ ይሰምጣል።

«ዘይት የነካው ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ ይሠራል»

አይሠራም። ሸራ ዘይት ይመጥጣል፤ ላዩን ብታሹትም ሲሞቅ ከውስጥ ይወጣል። በቤንዚን ማጠብም መፍትሔ አይደለም። ዘይቱ የመጣበት ቦታ ይደፈን፣ ሸራው ይቀየር፣ ሲቀየርም ግራና ቀኙ አብረው። አንዱን ብቻ መቀየር ራሱ መጎተትን ያመጣል።

«ኤቢኤስ ስላለው አያሰጋም፤ መብራትም አልበራም»

ኤቢኤስ ጎማ ቆልፎ እንዳይንሸራተት ይከላከላል። የደረቀ ፒስተን አያንቀሳቅስም፣ ለዚያም መብራት አያበራም።

«መሪውን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይበቃል»

በደረቅ አስፋልት በዝግታ ስትነዱ እንዲያ ሊመስል ይችላል። ዝናብ ላይ፣ ሕፃን ድንገት ሲገባባችሁ ግን ፍሬን የሚረገጠው በሙሉ ኃይል ነው፣ መጎተቱም የዚያኑ ያህል ይከፋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ደግሞ ብቻውን የሚሠራውን ጎማ እያቃጠለ ነው የሚወርደው። በአውሮፓ ኅብረት የ2014 የተሽከርካሪ ምርመራ ደንብ፣ በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማ በሚይዘው መስመር) ላይ የአንዱ ጎማ ፍሬን ኃይል ከሌላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። እናንተም ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱ የፍሬን መለኪያ ማሽን ካለ የግራና የቀኙን ቁጥር ለየብቻ ጠይቁ።

በቪትዙ ላይ የግራው ፒስተን ዝጎ ደርቆ ነበር፤ የፍሬን ዘይቱም ጠቁሯል። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱም ከውስጥ ያዝጋል፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ይመከራል። የግራውን ካሊፐር፣ የሁለቱንም ጎን ሸራ እና ዘይቱን ቀይረን ሜዳ መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ሞከርነው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከመጎተቱ ጋር ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደ፣ የፍሬን ዘይቱ ከጎደለ ወይም ከጎማው ጭስ ከወጣ ግን መኪናውን እየነዳችሁ ጋራዥ አታምጡት። እዚያው አቁሙትና ተጭኖ ይምጣ።