ካታና ስለመሳልና ስለመምረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታመሺጊሪ ይባላል። በካታና፣ ማለትም በጃፓን ሰይፍ፣ ተጠቅልሎ ውሃ የጠገበ ሰሌን የመቁረጥ ልምምድ ነው። ቃሉ «ቆርጦ መሞከር» እንደ ማለት ነው። በጃፓን የኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) የሚሞከረው ሰይፉ ነበር። ያማዳ አሳኤሞን የሚለውን ስም ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበሉ የኖሩ ፈታሾች ነበሩ። ሰይፉን የሚፈትሹት ሞት ተፈርዶባቸው በተገደሉ ሰዎች ሬሳ ላይ ነው። ውጤቱም አንዳንዴ እጀታው ውስጥ በሚገባው የብረቱ ክፍል ላይ ይቀረጽ ነበር። ዛሬ የሚፈተነው ሰይፉን የያዘው ሰው ነው።

ልምምዱን ከጀመርኩ ወዲህ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ስለቱና ስለ ብረቱ ዝና ናቸው። ምን ያህል ስል ነው? ስንት ጊዜ ታጥፏል? ስለ ቅርጹ የሚጠይቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ግን ቅርጹ ነው። ስህተቶቹም አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

«ካታና እንደ ምላጭ መሳል አለበት»

ምላጭ የሚቆርጠው ፀጉር ነው። ካታና የሚያገኘው ደግሞ እርጥብ ሰሌን ነው፤ አንዳንዴም መሃሉ ላይ እርጥብ ቀርከሃ ይገባበታል። እንደ ምላጭ የሳሳ ስለት ቀርከሃ ሲያጋጥመው ወይ ይሸረፋል ወይ ይታጠፋል።

ጃፓኖች ኒኩ የሚሉት ነገር አለ፤ «ሥጋ» ማለት ነው። በሰይፉ ጎን ላይ ከሚታየው ሸንተረር ጀምሮ እስከ ስለቱ ያለው ገጽ ጠፍጣፋ አይደለም። በጣም በትንሹ ጎበጥ ያለ ነው። ያ ጉብታ ነው ሥጋው። ሥጋ የበዛበት ሰይፍ ከስለቱ ኋላ ብዙ ብረት ስላለው ቀርከሃ ይችላል። ሥጋው ያነሰ ሰሌን ውስጥ እንደ ቅቤ ያልፋል፣ ጠንካራ ነገር ላይ ግን አደጋ አለው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መጠየቅ ያለባችሁ «ምን ልቆርጥበት ነው?» ብላችሁ ነው።

በዓይን ማየትም ይቻላል። አጭር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከሸንተረሩ ወደ ስለቱ አቅጣጫ አጋድማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ማስመሪያው መሃል ላይ ነክቶ ወደ ስለቱ በኩል ቀጭን የብርሃን ክር ከታየ ሥጋ አለው። ሙሉ በሙሉ ከተለጠፈ ገጹ ጠፍጣፋ ነው። ጣታችሁን ከስለቱ አርቁ። ስለቱን በአውራ ጣት እየዳሰሱ መሞከር መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ አንድ ወረቀት ይበቃል።

«ቢላ መሳል የሚችል ካታናም ይስላል»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ። ሰይፍ ከሁሉም በላይ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ሥጋ ቤት ቢላ ከቢላ ጋር ሲፋተግ ሁላችንም አይተናል። ቤት ውስጥም ቢላው ሲደንዝ ድንጋይ ላይ ጋደም አድርገን ጫፉን ብቻ እናሻሻለን። ለቢላ ይህ ልክ ነው። የቢላ ስለት ጫፉ ላይ ሌላ ትንሽ ተዳፋት ስላለው ድንጋዩ የሚነካው እሷን ብቻ ነው። ካታና ላይ ግን እንዲህ ያለ ተዳፋት የለም። ከሸንተረሩ እስከ ስለቱ አንድ ወጥ ገጽ ነው። ጫፉን ብቻ ስታሹት ያልነበረ ትከሻ ትፈጥሩበታላችሁ። ያ ትከሻ ሰሌኑ ውስጥ እየተደገፈ ሰይፉን ይይዘዋል። ሰይፉ ስል ይሆናል፣ ግን አይቆርጥም። ሰውየው ግራ ይገባዋል፤ እንደገና ይስለዋል፤ ትከሻው ይብስበታል።

በጃፓን ይህን ሥራ የሚሠሩት ቶጊሺ የሚባሉ ባለሙያዎች ናቸው። ድንጋዩ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው ሰይፉ ነው። ቶጊሺው ዝቅ ብሎ ቁጢጥ ይልና ድንጋዩን የያዘውን እንጨት በእግሩ ተጭኖ ይሠራል። ከሻካራው ድንጋይ ይጀምርና ቢንሱይ፣ ካይሴይ፣ ናጉራ እያለ ወደ ለስላሳው ይወርዳል። የመጨረሻው ኡቺጉሞሪ ይባላል፤ ከኪዮቶ አካባቢ ተራሮች የሚወጣ ድንጋይ ነው። አንድ ሰይፍ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሰይፉ በተሳለ ቁጥር ደግሞ ብረት ይቀነሳል፤ ሰይፉ ዕድሜው እየቀነሰ ይሄዳል ማለት ነው። የቆየ ጥንታዊ ሰይፍ እጃችሁ ከገባ ድንጋይ ፈጽሞ አታስነኩት። ዝገቱንም ቢሆን ለባለሙያ ተዉት።

ለልምምድ የተሠራ የዘመኑ ሰይፍ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። ብዙ ሰዎች ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት እርጥብ አድርገው ትንሽ ሰመጥ በሚል ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በኮምፒውተር ማውስ ምንጣፍ ላይ ያነጥፉታል። ምንጣፉ ስለሚሰምጥ ወረቀቱ የገጹን ጉብታ ተከትሎ ይሄዳል። ሰይፉ የሚጎተተው ወደ ጀርባው አቅጣጫ ብቻ ነው። ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ በርካሽ ሰይፍ ተለማመዱ።

ግራይንደር ግን በጭራሽ። ስለቱ ቀጭን ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ካሳየ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ ጥንካሬው ግን ቀለሙ ሳይታይ በፊት መቀነስ ጀምሯል። እንዲህ የለሰለሰን ስለት በመሳል መመለስ አይቻልም።

«ሺህ ጊዜ የታጠፈ ብረት ነው ምርጡ»

ሺህ ጊዜ የታጠፈ ሰይፍ የለም። ባህላዊ አንጥረኞች የሚያጥፉት ከ10 እስከ 15 ጊዜ ገደማ ነው። አንዴ በታጠፈ ቁጥር ንብርብሩ እጥፍ ስለሚሆን 10 ጊዜ ብቻ ቢታጠፍ 1,024 ንብርብር ይወጣል። የሺዎቹ ወሬ የመጣው ከንብርብሩ ቁጥር ይመስለኛል።

የሚታጠፈውም ለውበት ብሎ አይደለም። ታማሃጋኔ የሚባለው ብረት ከብረት አሸዋና ከከሰል የሚወጣ ነው። በሺማኔ ግዛት ኦኩይዙሞ የሚገኘው ምድጃ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ እንደገና እየሠራ ነው፤ አንዴ ከተለኮሰ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይነዳል። የሚወጣው ብረት አንዱ ቦታ ካርቦን የበዛበት፣ ሌላው ቦታ ያነሰበት ነው፤ ቆሻሻም አለው። ማጠፉ ያን ቆሻሻ ያስወጣል፣ ካርቦኑንም ያስተካክላል። ከልክ በላይ ከታጠፈ ደግሞ በየማጋያው ካርቦን ስለሚጠፋ ብረቱ ይደክማል።

የዘመኑ የፋብሪካ ብረት ከመጀመሪያውም ወጥ ነው። 1060 ወይም 1095 ተብሎ ሲጻፍ ቁጥሩ የሚናገረው ካርቦኑን ነው፤ 0.60 እና 0.95 በመቶ ገደማ። ከጃፓን ውጭ ለልምምድ የሚሸጡ ሰይፎች ብዙዎቹ የሚመጡት ከቻይና ነው፤ በዜጂያንግ ግዛት ያለችው ሎንግቹዋን በሰይፍ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ለጀማሪ በደንብ የተቀጠቀጠ፣ ያልታጠፈ 1060 ከበቂ በላይ ነው። ለማጠፍ የሚከፈለውን ተጨማሪ ገንዘብ ሰሌን ብትገዙበት ይሻላል።

«ካታና አይጣመምም»

ይጣመማል። ባህላዊው ሰይፍ ወደ ውሃ ከመነከሩ በፊት ሸክላ ይቀባል፤ ጀርባው ላይ ወፍራም፣ ስለቱ ላይ ስስ። ስለቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ጀርባው ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለስላሳ ይቀራል። በሁለቱ መካከል የሚታየው ደመና የመሰለ መስመር ሃሞን ይባላል። በርካሽ ሰይፎች ላይ ይህ መስመር በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ የተሳለ ሊሆን ስለሚችል በፎቶ አትመኑ። ጀርባው ለስላሳ የሆነ ሰይፍ አቅጣጫው ሳይስተካከል ከመታ ወደ ጎን ይጎብጥና እንደጎበጠ ይቀራል። እንደ 9260 ያለ የስፕሪንግ ብረት ግን ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይቃናል።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ አናጢ ጣውላ እንደሚያይ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጀርባው በኩል እዩት። ሰሌኑንም እዩ። የተቆረጠው ፊት ጠፍጣፋ ከሆነ ስለቱ የሄደበት መስመርና የሰይፉ አቅጣጫ አንድ ነበሩ። እንደ ማንኪያ ከጎደጎደ እጃችሁ ዞሯል። ጥፋቱ የስለቱ አይደለም።

«ግድግዳ ላይ የተሰቀለውም ይቆርጣል»

አይቆርጥም፣ አደገኛም ነው። የጌጥ ሰይፍ ብዙውን ጊዜ አይዝጌ ብረት ነው፤ በዚህ ርዝመት ሲመታ በቀላሉ ይሰበራል። እጀታው ውስጥ ያለውም በብየዳ የተያያዘ ቀጭን ዘንግ ሊሆን ይችላል። ኢያይቶ የሚባለው የልምምድ ሰይፍም ለመቁረጥ አይሆንም። በጃፓን የሚሠራው ከዚንክና ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው፣ የብረት ሰይፍ መያዝን የሚገድበው የጦር መሣሪያና የሰይፍ ሕግ ነው። ለመምዘዝና ለመመለስ ልምምድ ግሩም ነው፤ ሰሌን ግን አታሳዩት።

«ጎኑ ላይ ያለው ቦይ ደም ማፍሰሻ ነው»

ሰይፉን ለማቅለል ነው። ሲወነጨፍ የሚሰማው የፉጨት ድምፅም ከእሱ ነው። ቦይ ያለው ሰይፍ በስህተት ምት ቶሎ ስለሚጎብጥ ለጀማሪ ቦይ የሌለውን እመርጣለሁ።

«የሰሌን ጭረት ሰይፉ መጥፎ መሆኑን ያሳያል»

ሰሌኑ የሚሠራው ኢጉሳ ከሚባል፣ እንግጫ ከሚመስል ሳር ነው። ሳሩ ከታጨደ በኋላ ቀለሙና ሽታው እንዲጠበቅ ጭቃ ውስጥ ተነክሮ ይደርቃል። ያ ደቃቅ አፈር ሰሌኑ ላይ ይቀራል፤ ሰይፉ ሲያልፍ ይጭረዋል። ምርጡም ሰይፍ ይጫራል። ሌሊቱን የነከራችሁበትን ውሃ ብታዩት ደፍርሶ ታገኙታላችሁ። ከመቁረጥ በፊት አለቅልቁት። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ሰይፉን ወዲያው ጥረጉት፣ ስስ ዘይት ቀቡት። እርጥብ ሰይፍ አፎት ውስጥ ከገባ ጠዋት ዝገት ይጠብቃችኋል።

«እጀታው ጠበቅ ካለ ምንም ስጋት የለም»

ሰይፉን እጀታው ውስጥ የሚይዘው መኩጊ የምትባል የቀርከሃ ችንካር ናት። ከእርሳስ ብዙም አትወፍርም። ብዙ ሰው ሰይፍ ገዝቶ ችንካሯን አንድም ቀን አውጥቶ አያያትም።

አንድ ቀን አብሮኝ የሚለማመድ ልጅ ሰይፉን ሲያነሳ እጀታው ጋ ቀጭን የመንቀጭቀጭ ድምፅ ሰማሁ። በእጅ ሲነቀነቅ ግን ምንም አይልም ነበር። ችንካሯን አወጣናት። ከውጭ ጫፎቿ ደህና ናቸው፤ መሃሏ ላይ ግን ብረቱ የተጫናት ቦታ ገብቶ እንደ ወገብ ቀጥኗል፣ አንድ በኩል ቃጫዋ ተነስቷል። ልጁ እስከዚያ ሰዓት ሃያ ያህል ምት መትቷል። ከፊት ለፊቱ የቆምነው ሦስት ሰዎች ነበርን።

ቀርከሃ የተመረጠው ቃጫው አንድ ላይ በአንዴ ስለማይሰበር ነው። የምግብ ቤት ቾፕስቲክ ቆርጦ መተካት የለመዱ አሉ፤ ያ እንጨት ለስላሳ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ልጁ ያን ቀን አልቆረጠም። ቁጭ ብሎ ከደረቀ ቀርከሃ አዲስ ችንካር ቀረጸ። ቀዳዳው ውስጥ እያስገባ፣ እያወጣ፣ በቢላ ፀጉር የሚያህል እየላጠ፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ እስክትጠብቅ ድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀበት።