የኮሪያ ልጆች እንግሊዝኛ ማንበብ ሲጀምሩ

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ መደበኛ ትምህርት ሆኖ የሚጀምረው ከ3ኛ ክፍል ነው፤ ይህም ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። በ3ኛና በ4ኛ ክፍል በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። አቅም ያለው ወላጅ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ልጁን ገና በመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜው ሃግዎን ወደሚባሉት የግል ማስጠኛዎች ይልከዋል። ስለዚህ 3ኛ ክፍል ላይ አንዱ ተረት ሲያነብ ጎኑ ያለው ኤ ቢ ሲ ይቆጥራል። መንግሥት ሩጫውን ለማብረድ በ2018 ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን እንግሊዝኛ አገደ። ርካሹን ዘግቶ ውዱን ሃግዎን ክፍት መተው መቼም አያስኬድም፤ በ2019 እገዳው ተነሣ።

ለንባብ ዋናው ጆሮ ነው። የድምፅ ግንዛቤ ማለት አንድ ቃል ከምን ከምን ድምፅ እንደተሠራ ሰምቶ መለየት ነው። የኮሪያ ልጅ በዚህ በኩል ባዶ እጁን አይመጣም። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 ያወጀው ሃንጉል 24 መሠረታዊ ፊደላት አሉት። ተነባቢውም አናባቢውም የየራሱ ምልክት አለው፤ ሲጻፉ ግን ቀለም በቀለም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ በሚነገረው የቃል ክፍል ልክ፣ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ።

ጣጣው አቆራረጡ ላይ ነው። «ካት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ልጅ «ክ» እና «ኣት» ብሎ መክፈል ይቀለዋል። የኮሪያው ልጅ «ካ» እና «ት» ማለት ይቀናዋል። የጀማሪ መጻሕፍት ደግሞ «ካት፣ ሃት፣ ባት» እያሉ ቤት በሚመቱ ቃላት የተሞሉ ናቸው። ለሱ ጆሮ የሚመቸው «ካት፣ ካፕ፣ ካን» ነበር።

የተነባቢ ድርብርብም አለ። «ስትራይክ» በእንግሊዝኛ አንድ ቀለም ነው። ለቀለሙ ልክ አጨብጭብ ቢባል የኮሪያው ልጅ አምስት ጊዜ ያጨበጭባል፦ ስ፣ ት፣ ራ፣ ኢ፣ ክ። ኮሪያኛ በቃል መነሻ ተነባቢ ስለማይደራርብ በየመሃሉ ከእኛ ሳድስ ጋር የሚቀራረብ አናባቢ ይሰነቅራል። «ፍ» የሚባል ድምፅም የለውም፤ «ፊሽ» ወደ «ፒሺ» ይጠጋል። «ር» እና «ል» ደግሞ በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ «ራይስ» እና «ላይስ» የሚምታቱት ለዚህ ነው።

ይህን በፎኒክስ፣ ማለትም ድምፅን ከፊደል ጋር በማጣመር፣ በልምምድ ያቃናሉ። ሃንጉል የለመደ ልጅ ግን አንድ ፊደል ሁሌም አንድ ዓይነት ይነበባል ብሎ ያምናል። «ከት» (cut) እና «ፑት» (put) በመሃላቸው አንድ ዓይነት ፊደል ይዘው ለየቅል ሲነበቡ ግራ ይገባዋል። እንዲህ ያሉትን መምህራን በዓይን አስጠንተው ያልፏቸዋል።