የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፦ ሥራው፣ ዓይነቱ፣ አቀያየሩ

የሞተር ዘይት በጊዜው የማያስቀይር ሹፌር ብዙ የለም። የካምቢዮው ዘይት መቼ ተቀየረ ብላችሁ ስትጠይቁት ግን አብዛኛው ዝም ይላል። መኪናው አገልግሎ የገባ ከሆነ ደግሞ ከመምጣቱ በፊት ተቀይሮ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ሰው የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለን መኪና ረጅም ዕድሜ ሊያገለግለን ግድ ነው፤ ስለዚህ ይህ ነገር እንደ ትንሽ ጉዳይ መታየቱ ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ዘይቱ ምን እንደሚሠራ እንይ። በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በኦቶማቲክ ግን በመሃል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ነው። ሞተሩ በአንድ በኩል ያለውን ክንፍ ያሽከረክራል፣ ክንፉ ዘይቱን ይገፋል፣ የተገፋው ዘይት ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን ክንፍ ያዞራል። ፍሬን ይዛችሁ ዲ ላይ ስትቆሙ ሞተሩ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ማርሽ የሚቀየረውም በዘይት ነው፤ ፖምፓው በግፊት የሚልከው ዘይት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ዲስኮች አጣብቆ ይይዛል ወይም ይለቃል። በዚያ ላይ ጥርሶቹን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ይዞ ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል። ማለስለሱ እንግዲህ ከሥራዎቹ አንዱ ብቻ ነው።

በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ኦቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ወጥቶ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ተገጠመ። በዚያን ዘመን በካምቢዮ ዘይት ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመር ነበር፤ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዴክስሮን የሚለው የካምቢዮ ዘይት ስም የመጣውም ከዚያው ከጄኔራል ሞተርስ ነው።

ዛሬ ትልቁ ጥፋት የሚሠራው በዘይት ምርጫ ላይ ነው። ቀይ ስለሆነ ብቻ ሁሉም አንድ አይደለም። የቆዩት ቶዮታዎች ዴክስሮን ወይም ቲ-ፎር ይወስዳሉ፤ አዳዲሶቹ ደግሞ ደብሊው-ኤስ የሚባለውን ቀጠን ያለ ዘይት ይፈልጋሉ። ሲቪቲ የሚባለው፣ ቁርጥ ማርሽ የሌለው ኦቶማቲክ ካምቢዮ ፈጽሞ ሌላ ነው። እሱ በብረት ቀበቶ ስለሚሠራ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራው የኦቶማቲክ ዘይት ከተሞላበት ቀበቶው ተንሸራቶ ካምቢዮውን ይበላዋል። ቪትዝ ብቻ ብንወስድ ባለ 4 ማርሽም አለ፣ ሲቪቲም አለ፤ ስለዚህ «የቪትዝ ዘይት ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው ቶዮታ ከሆነ ዘንጉን አውጥታችሁ በጨርቅ ጥረጉት፤ የዘይቱ ዓይነት ብረቱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከሻጩ ቃል ይልቅ ያንን እመኑ።

የዘይቱን ጤና ለማየት አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉ። ጥሩው ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡኒ ሆኖ ይሰራጫል። ጠቁሮ መሃል ላይ ከቀረና የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ዲስኮቹ ተጎድተዋል ማለት ነው። ወተት የገባበት የእንጆሪ ጁስ ከመሰለ ግን ራዲያተሩ ውስጥ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ መኪናውን አታንቀሳቅሱት።

መቼ ይቀየር? «ዕድሜ ልክ አይቀየርም» የሚሉ አምራቾች አሉ። ለነ ቢኤምደብሊው ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ-ኤፍ ራሱ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ወይም በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ፣ ዳገትና መጨናነቅ በበዛበት፣ መኪናው ሲቆምና ሲነሳ በሚውልበት፣ ዘይቱ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ያረጃል። እኔ 60,000 ሳይሞላ ይቀየር ባይ ነኝ።

«ካምቢዮ ከተነካ ይሞታል» የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከባዶ የመጣ ወሬ አይደለም። ሰዉ ዘይቱን የሚያስቀይረው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም፣ ማርሹ ሲገባ ይመታል። ያኔ ዲስኮቹ አልቀዋል። አዲስ ዘይት ያለቀ ዲስክ አይመልስም፤ በሳምንቱ መኪናው ሲቆም ግን ጥፋተኛ የሚባለው ዘይቱ ነው። በማሽን ግፊት ሙሉ በሙሉ ማጠብም ለቆየ ካምቢዮ አደጋ አለው፤ የተኛውን ቆሻሻ አንስቶ ቀጫጭኖቹን የዘይት መተላለፊያዎች ሊደፍን ይችላል።

ለዚህ ነው ቀስ በቀስ መቀየር የሚሻለው። የታችኛው ብሎን ሲፈታ ዘይቱ ሁሉ አይወርድም፤ ብዙው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። 7 ሊትር ከሚይዝ ካምቢዮ 3 ሊትር ወረደ እንበል። 3 ሊትር አዲስ ሲሞላ 43 ከመቶው አዲስ ይሆናል፤ ትንሽ ተነድቶ ሲደገም 67፣ ለሦስተኛ ጊዜ 81 ከመቶ ይደርሳል። የወረደውን በሊትር ለክታችሁ ያንኑ ያህል ሙሉ። ብሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ የማን እንደሆነ አረጋግጡ፤ የሞተሩ መስሏቸው የካምቢዮውን ዘይት አፍስሰው ሞተሩ ላይ የደረቡ አሉ።

የታችኛው ሳህን ከወረደ ውስጡ ያሉትን ማግኔቶች እዩ። ግራሶ የመሰለ ግራጫ ልም ቢይዙ ጤና ነው። በጣት የሚቆረቁር የብረት ቁራጭ ካለ ግን ውስጥ የሚሰበር ነገር አለ። ፊልትሮው ይቀየር ወይም ይታጠብ፣ ጓርኒሲዮኑም አዲስ ይሁን።

ልኬቱ ላይ አትቸኩሉ። በብዙዎቹ መኪኖች ዘይቱ የሚለካው ካምቢዮው ሞቆ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነው፤ ፍሬን ይዛችሁ ማንሻውን ከፒ እስከ መጨረሻው አድርሳችሁ ትመልሳላችሁ፣ ከዚያ ዘንጉን ታያላችሁ። ሆንዳ ግን ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ይለካል። ዘንግ የሌላቸው አዳዲሶቹ በሙቀት መጠን ስለሚለኩ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ይፈልጋሉ። ሲበዛም ችግር ነው፤ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጠዋት መኪናው ካደረበት ቦታ ስታነሱት መሬቱን ተመልከቱ፤ ቀይ ጠብታ ካለ ብሎኑ ወይም ጓርኒሲዮኑ በደንብ አልያዘም።