ኢስኬፕ ሲኩዌንስ በፓይተን

ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጽሑፍ የሚቀመጠው በጥቅስ ምልክቶች መካከል ነው። ጽሑፉ ራሱ ውስጡ ጥቅስ ቢኖረውስ? ፓይተን መሃል ላይ ያገኘውን ጥቅስ እንደ መዝጊያ ይቆጥረዋል፣ ቀሪው አይገባውም፣ ስህተት ይላል። መፍትሔው ከጥቅሱ ፊት ባክስላሽ (\) ማስገባት ነው። ይህ ጥምረት ኢስኬፕ ሲኩዌንስ ይባላል።

ባክስላሽን የእንግሊዝኛው ኤን ሲከተለው አዲስ መስመር፣ ቲ ሲከተለው ታብ ይሆናል። ራሱን ባክስላሽን ለማሳየት ደግሞ ሁለቴ (\\) ይጻፋል። ፓይተን ግን አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው። ልማዱን ያስፋፋው ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በቤል ላብስ የሠራው ሲ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ጃቫና ጃቫስክሪፕትም ወርሰውታል።

ጀማሪ የሚንገላታው ዊንዶውስ ላይ ነው። እዚያ ፎልደሮች የሚለያዩት በዚሁ በባክስላሽ ስለሆነ የፋይል አድራሻ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ጣጣ አለው። የፎልደሩ ስም በትንሹ ኤን ከጀመረ አድራሻው ለሁለት ይሰበራል። «ዩዘርስ» የሚለው ፎልደር ይብሳል። ባክስላሽና ትልቁ ዩ ሲገናኙ ፓይተን ስምንት የኮድ አሃዞች ይጠብቃል፤ ካጣቸው ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም። ከመክፈቻው ጥቅስ ፊት አር መጻፍ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል። ያም ሆኖ ጽሑፉ በአንድ ባክስላሽ ማለቅ አይችልም፤ ግራ ያጋባል፣ ግን ሕጉ ነው።

የማያውቀው ጥምረት ሲመጣ ፓይተን ባክስላሹን እንዳለ ያልፈዋል። ይህ ቸርነቱ ግን ስህተት ይደብቃል። ደግነቱ ከፓይተን 3.12 ወዲህ ማስጠንቀቂያው ለሁሉም ይታያል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ዋናው ትንሹ ዩ ነው። እሱ የሚፈልገው አራት አሃዝ ነው። የግዕዝ ፊደላት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ለየፊደሉ የኮድ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ሲካተቱ ሀ ኮድ 1200 ደረሰው። ስለዚህ «መሰለ» በኢስኬፕ ሲጻፍ 1218፣ 1230 እና 1208 ሲሆን እያንዳንዱን ባክስላሽና ዩ ይቀድሙታል። ዳታን ጄሰን በሚባለው ቅርጸት የሚጽፈው የፓይተን ጄሰን ሞጁል ካልከለከሉት አማርኛውን በሙሉ እንዲህ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ፋይሉን የከፈተ ሰው ዳታው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም፤ መልሶ ሲነበብ ፊደሉ ይመጣል። በዓይን እንዲነበብ ከተፈለገ «ኢንሹር አስኪ» የሚባለውን ምርጫ ፎልስ ማድረግ ይበቃል። ፋይሉ ሲከፈትም ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበት ዘዴ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ይጠቀስ፤ አለዚያ አንዳንድ ዊንዶውስ ላይ ፊደሉን መጻፍ አልችልም ብሎ ይቆማል።