በር ያላቸው ክሪስታሎች

የጎንደርን አምባዎች የሠራው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ ሲፈለጥ አንዳንዴ በአረፋ ጉድጓዶቹ ውስጥ ነጭ ክሪስታል ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ዚዮላይት ነው። ዚዮላይት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ጋዝ አስገብቶ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ይይዛል። ኬሚስቶች ይህን አድሶርፕሽን ይሉታል። ወጥ ወደ እንጀራ እንደሚሰርገው ሳይሆን ጥቀርሻ በማድ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፈው ማለት ነው።

የዚዮላይት ቀዳዳ ግን ግትር ነው፤ ባዶም ሆነ ሙሉ ስፋቱ እምብዛም አይለወጥም። በቤተ ሙከራ የሚሠሩት ማዕቀፎች፣ ማለትም የብረታ ብረት አተሞች ምሰሶ፣ ካርቦናማ ሞለኪውሎች ደግሞ ማገር የሆኑባቸው ክሪስታሎች፣ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ እ.ኤ.አ. በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተጋሩት በእነዚህ ማዕቀፎች ነው። አንዳንዶቹ ሙቀት፣ ብርሃን፣ ግፊት ወይም እንግዳ ሞለኪውል ሲነካቸው ሳይፈርሱ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ኤምአይኤል-53 የተባለው የክሮሚየም ማዕቀፍ ውሃ ሲይዝ ይጠብባል፣ መጠኑም በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ ሲሞቅ ውሃውን ለቅቆ መልሶ ይሰፋል። ተመራማሪዎች «መተንፈስ» ይሉታል፤ ስሙ ይመጥነዋል።

ከሁሉም የሚደንቀው የበር አከፋፈታቸው ነው። ግፊቱ የተወሰነ ልክ እስኪደርስ ክሪስታሉ ጋዙን ከሞላ ጎደል አያስገባም፤ ከዚያ በድንገት ተከፍቶ ይሞላል። ሲለቅ ደግሞ በተከፈተበት ግፊት አይለቅም፣ ከዚያ በታች እስኪወርድ አፍኖ ይቆያል። የፋሲል ግቢ 12 በሮች የየራሳቸው ባለጉዳይ እንደነበራቸው ሁሉ የመክፈቻው ልክም ለካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ለናይትሮጅንና ለሜቴን ይለያያል። ጋዞችን ለመለየት የሚፈለጉትም ለዚህ ነው። ዲዩቲ-49 የተባለው ማዕቀፍ ጭራሽ ያፈነገጠ ነው፦ ሜቴን በ-162 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞላበት፣ ግፊቱ እየጨመረ ሳለ ድንገት ይኮማተርና የያዘውን ጋዝ ይተፋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሲሆን ብዙዎችን ግራ አጋብቷል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሯ ግፊት 0.8 ባር እንኳ አይሞላም፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው፣ በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። በሩ በ0.9 ባር የሚከፈት ክሪስታል በባሕር ዳርቻ ከተማ ንጹሕ ጋዝ በክፍት ቱቦ ቢነፋበት ይሞላል፤ እዚህ ግን እንደተዘጋ ይቀራል። ወይ ጋዙን በኮምፕረሰር ማመቅ፣ ወይ ክሪስታሉን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ሲቀዘቅዝ በሩ በአነስተኛ ግፊት ይከፈታልና።