ፍሬን ማስተንፈስ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። «ፍሬኑ ይጮኻል፣ አስተንፍስልኝ» አለኝ። ማን እንዲህ እንዳለው ጠየቅኩት። ብስክሌት አውቃለሁ የሚል ሰው ነው። ለዚያ ሰውዬ ፍሬን ቢጮኽም፣ ዲስኩን ቢታከክም፣ አልይዝ ቢልም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ «ይተንፈስ»። በዚህ ወር እሱ የላከብኝ ይህ አራተኛው ነው። እንግዲህ ዝም ማለት አቃተኝ።

ማስተንፈስ ማለት በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን መሥመር ውስጥ የገባን አየር ማስወጣት ነው። አለቀ። ዘይት አይጨመቅም፤ የፍሬኑን እጀታ ስትስቡ ግፊቱ እንዳለ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን የያዘው ክፍል) ውስጥ ላሉት፣ ሸራውን ለሚገፉት ፒስተኖች ይደርሳል። አየር ግን ይጨመቃል። ጣታችሁ አረፋ ሲጨምቅ ይውላል፣ ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ በወጉ ሳይነክስ እጀታው መሪው ጋ ይደርሳል።

ክሊኒክ ገብቶ «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚል በሽተኛ ታውቁ የለ? ጉንፋንም ይሁን ወለምታ፣ መርፌ ነው የሚፈልገው። ማስተንፈስም እንዲሁ ሆኗል። ደግሞ የምንሠራውም በሲሪንጅ ነው። ነርሷ መርፌውን ወደ ላይ አቁማ በጣቷ ጠቅ ጠቅ ስታደርገው አረፋው ሽቅብ ይወጣል። እኛም እጀታውን ከሁሉም በላይ አድርገን ቱቦውንና ካሊፐሩን መታ መታ እናደርጋለን። ልዩነቱ፣ ነርሷ ከመውጋቷ በፊት የበሽተኛውን ካርድ ታያለች።

እስቲ ካርዱን እንይ። ፍሬኑ ይጮኻል፣ አይይዝም፣ እጀታው ግን ድንጋይ ነው? አየር የለበትም! እጀታው ገና ከጅምሩ ጠንካራ ከሆነ ምን አየር ልናወጣ ነው? ብዙውን ጊዜ ሸራው ቅባት ነክቶት ነው። ዲስኩን በአልኮል ጥረጉት፣ ሸራውን ብርጭቆ ወረቀት አስነኩት። ቅባቱ ዘልቆት ከሆነ ግን ቀይሩት። እንዲያውም ይህን በሽታ የሚያመጣው ራሱ ማስተንፈሱ የሆነበት ጊዜ አለ፤ ሸራውን ሳያወጡ ዘይት ሲያፈሱበት።

ዲስኩ ጎማው በዞረ ቁጥር ሽው ሽው ይላል? የካሊፐሩን ሁለት ብሎኖች ላላ አድርጉ፣ እጀታውን ጨብጡ፣ እንደጨበጣችሁ አጥብቁ። ብዙውን ጊዜ በዚህ ያልቃል።

እጀታው ልፍስፍስ ብሎ ደጋግማችሁ ስትስቡት የሚጠነክር ከሆነ፣ አዎ፣ ይሄ የእኛ በሽተኛ ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ሸራው አልቆ እንደሆነ እዩለት። ጨብጣችሁት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ተበልቷል። ብታስተነፍሱት ተመልሶ ይመጣል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ብስክሌትም አለ። በአውሮፕላን ሲገላበጥ መጥቶ፣ ከእጀታው ማጠራቀሚያ አየር ወደ ቱቦው ይገባል። ባለቤቱ ደንግጦ ይደውልልኛል። አቁመው፣ እጀታውን ደጋግመህ ሳበው፣ እስከ ነገ ተወው እላለሁ። ብዙ ጊዜ አየሩ ራሱ ወደ ላይ ይመለሳል።

ሌላው የሰውየው አባባል ደግሞ «ዘይት ጎድሎታል፣ ሙላበት» ነው። ወንድሜ፣ ቤንዚን አይደለም እኮ! መሥመሩ ዝግ ነው፤ ካላፈሰሰ የት ይሄዳል? ሸራው ሲሳሳ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወጣል፣ ዘይቱም ይከተለዋል። ማጠራቀሚያው የሚጎድለው ለዚህ ነው። በአሮጌው ሸራ ላይ እስከ አፉ ሞልታችሁ አዲስ ሸራ ልትገጥሙ ስትሉ ፒስተኑ አልመለስ ይላል። በግድ ከገጠማችሁት ጎማው አይዞርም።

የትኛው ዘይት የሚለውንም ላንሳው፣ ብዙ ጎሚኒ የሚበላሸው በዚህ ነውና። ከፍሬን ሠሪዎቹ ሺማኖና ማጉራ የማዕድን ዘይት ነው የሚወስዱት። ሆፕ ዶት የሚባለውን፣ የመኪና ፍሬን ዘይት ዓይነት ይወስዳል። ስራም (SRAM) የሚባለው ደግሞ እንደ ሞዴሉ ነው፤ ብዙዎቹ ዶት ናቸው፣ አንዳንዶቹ አዳዲሶቹ ግን የማዕድን። እጀታው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ነርሷ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው አትወጋም። ከመኪና ጋራዥ ዶት 4 ቀድታችሁ ሺማኖ ላይ ብትሞሉ ጎሚኒው ያብጣል፣ ፍሬኑም ያበቃለታል።

ዶት እርጥበት ይጠጣል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይቀየራል። የማዕድን ዘይት አይጠጣም፤ ውኃ ከገባበት ውኃው ለብቻው ተለይቶ ወደ ታች፣ ካሊፐሩ ጋ ይወርዳል። ያውም ሙቀቱ ያለበት ቦታ። ውኃ ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ አዲስ አበባ በ92 ገደማ፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ በ90 ገደማ። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ፍሬን ሳትለቁ ብትወርዱ ያቺ ጠብታ እንፋሎት ልትሆን ትችላለች። እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። ቁልቁለት ላይ እያላችሁ እጀታው ባዶ ይሆናል።

የልጁን ሸራ አውጥቼ አሸተትኩት። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ለካ ሰንሰለቱን ያጠበው በእሱ ነው።