ኮታና ቀረጥ አንድ አይደሉም

ልብስ ወደ ውጭ ለሚልኩ ሰዎች ሥልጠና እሰጣለሁ። በየዙሩ አንድ ሰው እጁን ያወጣና "የልብስ ንግድ እኮ በ2005 ነፃ ሆኗል" ይለኛል። መስማቱ ሰልችቶኛል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 የተነሳው ኮታ ነው። ኮታ "ከአገራችሁ በዓመት ይህን ያህል ሸሚዝ ብቻ ይገባል" የሚል ጣሪያ ነው። ከ1974ቱ ዓለም አቀፍ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ስምምነት ጀምሮ አሜሪካና አውሮፓ በታዳጊ አገሮች ላይ ጥለውት ኖረዋል። ቀረጥ ሌላ ነገር ነው። እሱ አልተነሳም። ኮታው ከቀረ በኋላም አሜሪካ በጥጥ ቲሸርት ላይ 16.5 በመቶ፣ በፖሊስተሩ ላይ 32 በመቶ ታስከፍል ነበር።

አጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲያስገቡ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ለኢትዮጵያ የጠቀመው በዚህ ነው፤ ቀረጡን አስቀረልን። በ2022 መጀመሪያ ከአጎዋ ስንወጣ ተመልሶ መጣ። በ3 ዶላር የጥጥ ቲሸርት ላይ ግማሽ ዶላር ገደማ ነው። ያን ሰሞን አንድ የሽያጭ ኃላፊ የዋጋ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ጨርቁን፣ ክሩን፣ የስፌቱን፣ የማሸጊያውን አብረን ደመርን። የሚተርፈው ከግማሽ ዶላር በታች ነበር። "ቀረጡን የሚከፍለው አስመጪው አይደል?" አለኝ። አዎ፣ ግን ከእናንተ ዋጋ ላይ ቀንሱልኝ ይላችኋል።

ስለዚህ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት የጨርቁን ድብልቅ እዩ። 60 በመቶ ጥጥ፣ 40 በመቶ ፖሊስተር የሆነ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ እንደ ጥጥ ይቆጠራል። ገልብጡት፤ መደበኛው ቀረጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ሳያዩ የሚፈርሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

"ቻይና ሁሉንም ጠራርጋ ወሰደች" የሚሉም አሉ። በ2005 ክረምት በሚሊዮን የሚቆጠር የቻይና ልብስ አውሮፓ ወደብ ላይ መታገዱ እውነት ነው። ግን አውሮፓ እስከ 2007፣ አሜሪካ እስከ 2008 መጨረሻ ገደብ መልሰውባታል። ያበቃላታል የተባለችው ባንግላዴሽም ዛሬ ከዓለም ትልልቅ ልብስ ላኪዎች አንዷ ናት።

"ኮታ ድሃ አገርን ከመጉዳት በቀር አልጠቀመም" የሚለውም ልክ አይደለም። ደቡባዊ አፍሪካ ያለችውን ትንሿን አገር ሌሶቶን እዩ። የታይዋን ባለሀብቶች እዚያ ፋብሪካ የከፈቱት በከፊል የሌሎቹ አገሮች ኮታ ስለሞላ ነው። ኮታው ሊነሳ ሲል በርካቶቹ ጥለው ሄዱ። ለገና ዕረፍት የወጡ ሠራተኞች ሲመለሱ ፋብሪካው ተዘግቶ ጠበቃቸው።